የጆጉ ታች ሁሉን አይናገርም፦ ስለ እንግሊዝ ባለፊት ጆጎች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የቀረበ አንድ ጽሑፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና የበጎ አድራጎት ሱቆች የሚገኙትን የሰው ፊት ቅርጽ ያላቸው የሸክላ ጆጎች እንዴት መለየት፣ ዕድሜያቸውን ማወቅና መተመን እንደሚቻል ያስተምራል። ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጆጉን ገልብጡ። ምልክት ከሌለው የውሸት ነውና ተዉት። ዓመት ከተጻፈበት የተሠራው በዚያ ዓመት ነው። «ሮያል ዶልተን» የተባለው የእንግሊዝ ሸክላ ኩባንያ ሥራ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ልባሱ፣ ማለትም ጭቃውን የሚሸፍነው ብርጭቆ መሰል ሽፋን፣ ከተሰነጣጠቀ ጥንታዊ ነው። በተወሰነ ቁጥር የወጣ ከሆነ ለልጅ የሚተርፍ ሀብት ነው። ዋጋውን ሻጮች ኢንተርኔት ላይ ከሚጠይቁት ተነሥታችሁ ተምኑ፤ ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አንጹት።

ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ውጭ አገር ያለው ወገናችን እነዚህን ጆጎች በየሳምንቱ መጨረሻ በየገበያው ያያቸዋልና። ነገር ግን ከምክሮቻቸው ውስጥ ሳልነካው የማልፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጆጉን መገልበጥስ ተገቢ ነው። የቀሩትን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ግን ርካሹን በውድ ገዝቶ፣ ውዱን መደርደሪያው ላይ ትቶ ይመለሳል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በታሪኩ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው የዚህ ዓይነቱን ጆግ በጠቅላላ የዶልተን ኩባንያ ፈጠራ ያደርጉታል። ዶልተን ለንደን ውስጥ ላምቤዝ በተባለው ሰፈር ሲመሠረት ዓመቱ 1815 ነበር። በመካከለኛው እንግሊዝ ያለው የስታፎርድሺር አውራጃ ሸክላ ሠሪዎች ግን ገና ከ1760ዎቹ ጀምሮ ባለሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ደፍቶ፣ የቢራ ማሰሮውን ጭኑ ላይ አስደግፎ የተቀመጠ ሰው የሚመስል ጆግ ይሠሩ ነበር። ቶቢ ጆግ የሚባለው ይህ ነው፤ ሰውዬው ከራስ እስከ እግሩ ይታያል፣ የባርኔጣው ጥግም መቅጃ አፍ ሆኖ ያገለግላል። ካራክተር ጆግ የሚባለው ራስና ትከሻ ብቻ ነው። ራስ ብቻ ያላቸው ጆጎች ድሮም ነበሩ፤ ዛሬ ገበያውን የሞሉት ግን የዶልተኑ ቻርልስ ኖክ በ1934 «ጆን ባርሊኮርን» የተባለውን ካወጣ በኋላ የተከተሉት ናቸው። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱን ይዞ «የቅድመ አያቴ አያት ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ታቹን ማየት እንኳ አያስፈልጋችሁም።

ምልክት የሌለውን ሁሉ የውሸት ማድረጋቸው ግን ከጽሑፉ ሁሉ የባሰውን ጉዳት የሚያደርስ ምክር ነው። አብዛኞቹ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቶቢዎች ታቻቸው ባዶ ነው። በርስለም በተባለችው የሸክላ ከተማ የነበረው የራልፍ ዉድ ቤተሰብ አንዳንዶቹ ላይ ስሙን መጫኑ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን በአካባቢው ብዙ ሠሪዎች ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ቅርጽ እየቀዳ ይሠራ ነበር፣ አብዛኛው ስሙን አያትምም። ጠንቃቃ የጨረታ ቤት ዛሬ «የራልፍ ዉድ ዓይነት» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል እርጥብ ጭቃ ላይ ስም መጫን ለአስመሳይ ከሁሉ የቀለለው ሥራ ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ የዉድ ስም ያለበት ጆግ ስታገኙ ከመደሰት ይልቅ ይበልጥ መጠራጠር ይገባችኋል።

ታዲያ ባዶውን በምን እንለየው? በመጀመሪያ በቀለሙ ነው። የቀደምቶቹ ቀለም ከልባሱ ጋር የተዋሐደ ነው። ቡናማው፣ አረንጓዴውና ግራጫ የቀላቀለው ሰማያዊ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ በኮቱ እጥፋት ውስጥ ጠልቀው ይጠቁራሉ፤ እቶን ውስጥ ሲቀልጡም ድንበር አያውቁም፣ የኮቱ ቀለም እስከ ጉልበት ወርዶ ታገኙታላችሁ። ከ1780ዎቹ አካባቢ ወዲህ ደግሞ ሰብሳቢዎች ፕራት ዌር የሚሉት ዓይነት በዛ። እዚህ ቀለሙ ከልባሱ ስር ይቀባል፣ ከፍተኛ የእቶን ሙቀት የሚችሉ ጥቂት ቀለሞች ብቻ ስለሆኑ ዓይን ቶሎ ይለምዳቸዋል፦ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ፣ ጠንካራ ሰማያዊ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ቡናማ። ቀጥሎ ከልባሱ በላይ የሚቀባው ኤናሜል መጣና 19ኛውን ክፍለ ዘመን ሞላው። ሮዝና ደማቅ ቀይ የሚታዩት በዚህኛው ላይ ነው። ጆጉን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ ስታዩት ኤናሜሉ ከገጹ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እጅ በበዛበት ቦታ፣ በተለይ አፍንጫና ጉልበት ላይ፣ ተፍቆ ይገኛል። ይህን ሦስት ዓይነት አቀባብ ለመለየት አንድ ከሰዓት ሙዚየም ውስጥ ማሳለፍ ይበቃል። ለንደን ያለ ሰው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሸክላ ክፍሎች ይሂድ፤ ቺካጎ አካባቢ ያለም ኢቫንስተን ከተማ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቶቢዎችና ካራክተር ጆጎች የተደረደሩበት ለዚሁ ብቻ የቆመ ሙዚየም አለለት።

ሁለተኛው አሠራሩ ነው። የድሮው ሠሪ ጭቃውን በሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በእጁ እየጠቀጠቀ ያጋጥመው ነበር። ውስጡን በጣት ብትዳስሱት ወፍራሙና ቀጭኑ ይፈራረቃል፣ መጋጠሚያው በጎኑ ይሰማል። ፈሳሽ ጭቃ ወደ ቅርጽ ማውጫ ገብቶ የተሠራው ግን ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ውስጡ ከውጭው ጋር ይመሳሰላል፤ ውጭ አፍንጫ ያበጠበት ቦታ ውስጥ ጉድጓድ አለ። ይህ ብቻውን አይወስንም፣ ከቀለሙ ጋር ሲደመር ግን ብዙ ይናገራል።

በዚህ ላይ ምልክት መኖሩ ራሱ ውሸቱን የሚያጋልጥበት ጊዜ አለ። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ በ1891 ሥራ ላይ ሲውል ወደ አገሪቱ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደ። «ኢንግላንድ» የሚለው ቃል በእንግሊዝ ሸክላ ታች ላይ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው፤ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለው በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ «የ1770 ቶቢ» ተብሎ ታቹ ላይ «ኢንግላንድ» የታተመበት ጆግ ቢቀርብላችሁ፣ በጸሐፊው ምክር ምልክት ስላለው ትገዙታላችሁ፤ እኔ ግን በዚያው ምልክት ምክንያት ተዉት እላለሁ። «ሜድ ኢን ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚሉ ትንንሽ ቶቢዎችም በየገበያው አሉ። አሜሪካ ጃፓንን ይዛ በቆየችባቸው እስከ 1952 ባሉት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ዋጋቸው ትንሽ ቢሆንም ዕድሜያቸው ቁልጭ ያለ ነው።

ዓመት የተጻፈበትን ጆግ በዚያ ዓመት የተሠራ አድርጎ መውሰድ ሌላው ስሕተት ነው። በዶልተን ጆጎች ታች «ኮፒራይት» ከሚለው ቃል ጋር የሚገኘው ዓመት ቅርጹ መብት የተያዘበት ነው። ከዚያ በኋላ ያው ጽሑፍ ጆጉ በተሠራ ቁጥር ይታተማል። የምዝገባ ቁጥሩም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለንድፎች ከ1884 ጀምሮ ከአንድ ተነሥቶ በተከታታይ ይሰጥ የነበረው ቁጥር ንድፉ መቼ እንደተመዘገበ ይነግራል እንጂ ያ ጆግ መቼ ከእቶን እንደወጣ አይነግርም። ጃንጥላዋ እጀታ የሆነላት ሴይሪ ጋምፕ የተባለችው የቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ ነርስ ከ1935 እስከ 1986 ስትሠራ ኖራለች። ሃምሳ ዓመት ማለት ነው! የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ ነው።

ጸሐፊው ሳያነሡት የቀሩት ግን እውነተኛው ፍንጭ አለ። ዶልተን ከ1928 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አንበሳና ዘውድ ካለበት ማኅተሙ አጠገብ ትንሽ ቁጥር ያትም ነበር። በዚያ ቁጥር ላይ 1927 ደምሩ። 13 ካለው 1940 ነው፣ 20 ካለው 1947። ካራክተር ጆግ የተጀመረው በ1934 ስለሆነ ከ7 ያነሰ ቁጥር ያለበት ካራክተር ጆግ ቢቀርብላችሁ ወይ ቁጥሩን አሳስታችሁ አንብባችኋል ወይ ዕቃው የሚነገርለት አይደለም። ቁጥሩ ሁሉም ላይ የለም፤ ሳይታተም የቀረ፣ በልባስ የተዋጠም አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ደግሞ ከተለመደው ሸክላ ይልቅ ወደ ፖርሲሊን (ቻይና ወደሚባለው ስስ ሸክላ) የሚጠጋ ሌላ ጭቃ ስለነበራቸው ከሌሎቹ ጠንከርና ለስለስ ይላሉ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ያለ ቁጥርም ይለያቸዋል። እግረ መንገዴን፦ ማኅተሙ ላይ ሆን ተብሎ የተጫረ መስመር ወይም ትንሽ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ ካለ ፋብሪካው ራሱ ጉድለት አግኝቶበት እንደ ሁለተኛ ደረጃ ያወጣው ነው። ምንም እንኳ ሻጩ «ይህ የፋብሪካው ልዩ ምልክት ነው» ቢል ዋጋው ወደ ታች ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ቁጥሩና ዋጋው እንምጣ፤ ጉዳዩ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። የዶልተን ጆጎች «ዲ» ከሚል ፊደል ጋር ቁጥር አላቸው። ጆን ባርሊኮርን ዲ5327 ነው፣ ሴይሪ ጋምፕ ዲ5451። ጸሐፊው ዝቅተኛው ቁጥር ውዱ ነው ብለዋል። በዚህ ስሌት ሴይሪ ጋምፕ ከሁሉ ውድ ከሆኑት አንዷ በሆነች ነበር፤ እሷ ግን በየሱቁ የምትገኝ፣ ማንም የማይሻማባት ናት። «ዲ» ቁጥር የሞዴል መዝገብ ነው። ብርቅ መሆንና አለመሆንን የሚወስነው ሞዴሉ ለስንት ጊዜ እንደተሠራና በመካከሉ ምን እንደተለወጠበት ነው፤ ያንን ደግሞ ታቹ አይነግራችሁም፣ ፊቱን ማየት አለባችሁ።

ዲ5521ን ውሰዱ፦ «ግራኒ» የተባለችው አሮጊት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጣችው ድዷ ባዶ ነው። በኋላ ሠሪዎቹ አንድ ጥርስ ጨመሩላትና እስከ 1983 ቀጠለች። ቁጥሩ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው። ሰብሳቢው ግን ባለ አንድ ጥርሷን አልፎ ጥርስ አልባዋን ይፈልጋል። ዲ6036 «ኦልድ ኪንግ ኮል» የተባለው ንጉሥ ነው፤ በ1938 እና 1939 ዘውዱ ቢጫ ነበር፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ እስከ 1960 ኖረ፤ ቢጫው ነው የሚፈለገው። ዲ6114 «ካቫሊየር» አገጩ ላይ ትንሽ ጢም ያለው ይቀድማል፣ የሌለው ይከተላል። ዲ6115 የመርከበኛው የሰር ፍራንሲስ ድሬክ ጆግ ነው፤ ባርኔጣ የሌለው በ1940 እና 1941 ብቻ ታይቶ ጠፋ፣ ባርኔጣ የደፋው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ተሠራ። እነዚህን አራት ጥንዶች በጸሐፊው ዘዴ ታቻቸውን አይቶ የሚመዝን ሰው አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። ጥርስ፣ ዘውድ፣ ጢም፣ ባርኔጣ፤ ልዩነቱ ሁሉ ያለው ላይኛው በኩል ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለውም ከዝቅተኛው ሊበልጥ ይችላል። «ክላውን» የተባለው ነጭ ፀጉር ቀልደኛ ዲ6322 ነው፣ ከ1951 እስከ 1955 ብቻ ስለተሠራ ከሴይሪ ጋምፕ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ቸርችልን ለብቻው የማነሣው ጸሐፊው «የቸርችል ጆግ ካገኛችሁ አትልቀቁ» ማለታቸው ስላሳሰበኝ ነው። የትኛውን ቸርችል? በ1940 የወጣው፣ ነጭማ መልክና ሁለት እጀታ ያለው ዲ6170 ብርቅ ነው፤ በዓመት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከገበያ ተነሣ፤ ሰውየው መልኩን አልወደደውም ይባላል። በዚያው ዘመን የተጀመረውና ቁጭ ያለውን ቸርችል የሚያሳየው ቶቢ ግን እስከ 1991 ሲሠራ ኖሯል፤ በ1992 ደግሞ ኩባንያው ቸርችልን የዓመቱ ካራክተር ጆግ አድርጎ እንደገና አወጣው። ስሙ አንድ ሆኖ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለእኛ አገር ሰው የሚያስገርመው ደግሞ ወታደሮቹ በ1941 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ከተዋጉት መካከል የነበሩት የደቡብ አፍሪካው መሪ ያን ስመትስም ጆግ ያለው መሆኑ ነው። ከ1946 እስከ 1948 ብቻ ስለተሠራ ከብዙዎቹ የጦርነት ዘመን ፊቶች ይልቅ ይፈለጋል። ለዚህኛው ቢሆን ኖሮ «አትልቀቁ» በሚለው ምክር ብዙም አልከራከርም ነበር።

ልባሱ መሰነጣጠቁ የዕድሜ ማስረጃ ነው ማለትም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ያ መረብ የመሰለ ስንጥቅ የሚመጣው ጭቃውና ልባሱ በእኩል መጠን ስለማይጠቡና ስለማይሰፉ ነው። አዲስ ጆግ ከእቶን በወጣ ማግሥት ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የገባም እንዲሁ። የሁለት መቶ ዓመት ቶቢ ደግሞ ልባሱ ልሙጥ ሆኖ ይገኛል። አስመሳዮች ስንጥቁን ሻይ ውስጥ ነክረው ያጠቁሩታል፣ ያ ግን ከአንገት እስከ እግር እኩል ጠቁሮ ያስታውቃል። ዕድሜን የምትፈልጉ ከሆነ ጆጉ የቆመበትን ጠርዝ እዩ። በእውነት የተገፋና የተነሣ ዕቃ ጭረቱ ወዲያና ወዲህ ነው፣ አንዱ ጥልቅ ሌላው ስስ። በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል።

በተወሰነ ቁጥር የወጡትን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው የኩባንያውን ማስታወቂያ ቃል በቃል ያመኑት ይመስላል። ዶልተን በ1983 የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራሎች ግራንትንና ሊን በአንድ ጆግ ላይ ፊትና ጀርባ አድርጎ ሲያወጣ «በተወሰነ ቁጥር» ብሎ ነበር፤ የተወሰነው ቁጥር 9,500 ነው። ያንን የሚያህል ዕቃ ከነሣጥኑና ከነሰርተፊኬቱ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የሚሰበር የለም፤ ሁሉም ይተርፋል። የዚያ ዘመን ገዢዎች ዛሬ አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው ሣጥኑን ሳይከፍቱ ለጨረታ ያወጡታል፣ በአንድ ጨረታ ላይም ያው ጆግ ተደጋግሞ ይቀርባል። ገዢ ሳያገኝ የሚቀረውም ብዙ ነው። የሮናልድ ሬጋን ጆግ በ1984 ሲታቀድ 5,000 ነበር፣ ሳይሸጥ ስለቀረ 2,000 ላይ ቆመ። ፈላጊ አጥቶ በማነሱ ሳይታሰብ ብርቅ የሆነው እሱ ነው። እነ ባርኔጣ አልባው ድሬክም እንዲሁ ናቸው፤ «የተወሰነ» ብሎ የጻፈባቸው ማንም የለም።

ዋጋን ሻጮች ከሚጠይቁት ተነሡ ማለት ደግሞ ለሻጭ መሥራት ነው። በኢንተርኔት ገበያ አንድ ተራ ሴይሪ ጋምፕ ላይ የፈለገውን ዋጋ የሚለጥፍ አይጠፋም፣ ያ ጆግ ግን ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። መታየት ያለበት የተሸጠበት ነው። የመገበያያ ድረ ገጾች የተሸጡትን ብቻ ለይታችሁ እንድታዩ ያስችላሉ፣ የጨረታ ቤቶችም ውጤታቸውን ያወጣሉ። የጨረታ ውጤት ስታዩ ደግሞ ገዢው በላዩ የሚጨምረውን የቤቱን ኮሚሽን፣ ሻጩም የሚቀነስበትን አስቡ። በዚህ መንገድ የተመለከተ ሰው ተራ የሆኑ ትልልቅ የዶልተን ጆጎች በእንግሊዝ ጨረታ በጥቂት አሥር ፓውንድ እንደሚሄዱ፣ አንዳንዴም አምስትና ስድስቱ በአንድ ሣጥን ተጠርገው እንደሚሸጡ ያያል። ደህና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቶቢ ግን በመቶዎች፣ ቅርጹ ያልተለመደ ከሆነ በሺዎች ይጠራል። ማርታ ገን የተባለችውን፣ ብራይተን ባሕር ዳርቻ ሰዎችን ባሕር ውስጥ እየነከረች ትኖር የነበረችውን ሴት የሚያሳየው ለምሳሌ ከተለመደው ጠጪ ሰውዬ ይበልጣል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ የካርቱን ሠዓሊው ሰር ፍራንሲስ ካራዘርስ ጉልድ ለዊልኪንሰን ፋብሪካ የነደፋቸው የጦር መሪዎችና የአገር መሪዎች ቶቢዎች አሉ። 11 ናቸው፤ ኪችነር፣ ጄሊኮ፣ ፎሽ፣ ሎይድ ጆርጅና ፕሬዚዳንት ዊልሰን ይገኙባቸዋል። አንድ ሁለቱን ያለው ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ሙሉውን ስብስብ ከያዘው ጋር አይወዳደርም።

ጸሐፊው የተሸረፈ አትግዙ ማለታቸው ትክክል ነው፣ ግን ዋናው አደጋ የሚታየው ሽራፊ አይደለም። የተጠገነውን ነው መፍራት። ባለሦስት ማዕዘኑ ባርኔጣ ጥጎች፣ የፒፓው ጫፍና እጀታው ቀድመው የሚሰበሩት ናቸው፤ ጎበዝ ጠጋኝ ሞልቶ ቀለም ቀብቶ ይመልሳቸዋል። በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ አልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስታበሩበት በኋላ የተቀባው ቀለም ከቀረው ተለይቶ ይታያል። ባትሪው ከሌለ ጠርዙን በጥርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ልባስ እንደ ብርጭቆ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፣ የጥገና ቀለም ይለሰልሳል። ሻጩ ፊት ጆግ መንከስ ያሳፍራል፤ ግን በገበያው የቆዩ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲያደርጉት ታያላችሁ።

በረኪናውን ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት መመለስ የማይቻል ጉዳት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። በረኪና በልባሱ ስንጥቅ ገብቶ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ይጠጥራል፣ እያደር ልባሱን ከስር ገፍቶ ያስነሣዋል። ለጊዜው ነጭ ሆኖ ያምራል፣ ከወራት በኋላ ከፊቱ ላይ ቅርፊት ይረግፋል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑም ከልባስ በላይ ያለውን ኤናሜል ይዞት ይሄዳል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ የተጠገነ ከሆነ ውሃውም ይቅር። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቡናማ መስመር ካልወጣ ተዉት፣ ሰብሳቢው ለምዶታል። እናንተ ገዢ ሆናችሁ ሻጩ «በደንብ ታጥቧል» ካላችሁም፣ በምን እንደታጠበ ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ።